ፍሳሽን ማጣራት በምን አቅም? ከማጣሪያ ጣቢያዎች ሊገኝ ስለሚችለው ኃይል፣ ውሃና ማዳበሪያ

በከተሞቻችን ስለ ፍሳሽ ቆሻሻ አገልግሎት ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። የፍሳሽ መስመሩ መቼ ይደርሰናል? ጉድጓዳችን ሲሞላስ መኪናው በምን ያህል ጊዜ ይመጣልናል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነርሱ በስተጀርባ ግን እምብዛም የማይነሣ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። በመስመርም ሆነ በመኪና የተሰበሰበውን ፍሳሽ ተቀብሎ የሚያጣራው ጣቢያ ዛሬም ነገም ሥራውን ሳያቋርጥ የሚቀጥለው በምን አቅም ነው?

ይህ ጥያቄ በአሁኑ ወቅት የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚገቡ ፓምፖች፣ መለዋወጫዎችና ኬሚካሎች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ጨምሯል። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያም በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር ነው። በመሆኑም አንድ የማጣሪያ ጣቢያ በየወሩ የሚከፍለው የመብራት ሒሳብ ከተራ የቢሮ ወጪነት አልፎ የአገልግሎቱን ቀጣይነት የሚወስን ጉዳይ ወደ መሆን ተሸጋግሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍሳሽ ማጣሪያ ኃይልን የሚፈጅበትን ምክንያት፣ ፍጆታውን ለመቀነስና ከፍሳሹ ራሱ ኃይል፣ ውሃና ማዳበሪያ ለማግኘት ያሉትን አማራጮች፣ እንዲሁም ከአገልግሎት ተጠቃሚው የሚጠበቀውን ድርሻ ለኅብረተሰቡ ግልጽ ማድረግ ነው።

ፍሳሽ ለመጣራት ኃይል የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ፍሳሽን በዋነኛነት የሚያጸዱት ማሽኖች ሳይሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ቁስ የሚመገቡና የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች በጣቢያው ገንዳዎች ውስጥ እንዲራቡ ይደረጋል። በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት የማጣራት ዘዴ እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመኖር ኦክስጅን ስለሚያስፈልጋቸው፣ ትልልቅ የአየር ነፊ ሞተሮች ሌሊትና ቀን ከገንዳው ሥር አየር ይነፋሉ። አንድን ሜትር ኩብ ፍሳሽ በዚህ ዘዴ ለማጣራት እንደ ጣቢያው ዓይነት ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚውለው አየር ለመንፋት ብቻ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ፍሳሹን ለሚገፉ ፓምፖችና ዝቃጩን ለማከም ይውላል።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ የደጋ ከተሞች ላይ አንድ ተጨማሪ ጫና አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ያነሰ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም። ስለዚህም በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ የሚበቃ የአየር ነፊ ለአዲስ አበባ አይበቃም፤ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የበለጠ አየር፣ የበለጠ አየር ለመንፋት ደግሞ የበለጠ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። በሌላ አገር የተነደፈ ቴክኖሎጂ እንዳለ ተወስዶ ሲተከል ይህ ልዩነት ካልታሰበበት፣ ውጤቱ በየወሩ በሚመጣው ሒሳብ ላይ ይታያል።

ጉዳዩ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ለባክቴሪያዎቹ አየር የሚነፋው ሞተር በመብራት መቋረጥ ወይም በመለዋወጫ እጥረት ለሰዓታት ሲቆም ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፤ ፍሳሹም በአግባቡ ሳይጣራ ያልፋል። ያልተጣራው ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይገባል፤ በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ያንኑ ውሃ ወደ ማሳቸው ይመራሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ከቤታችን የራቀ የሚመስለው የጣቢያው የኃይል ችግር በዚህ መንገድ ወደ ማዕዳችን ይመለሳል።

የቃሊቲ ምርጫና ያስገኘው ጥቅም

የአዲስ አበባ ከተማ ዋነኛ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚገኘው በቃሊቲ ነው። ቀድሞ በኩሬዎች ላይ የተመሠረተውና በቀን ከ8,000 ሜትር ኩብ ያነሰ ፍሳሽ ለመቀበል የተሠራው ጣቢያ፣ በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። ለማስፋፊያው የተመረጠው ቴክኖሎጂ ከኃይል አንጻር ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በዚህ ዘዴ ፍሳሹ በመጀመሪያ አየር ወደማይገባባቸው ጥልቅ ገንዳዎች ከታች ወደ ላይ እንዲፈስ ይደረጋል። በገንዳው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የማይፈልጉ ዓይነት በመሆናቸው አየር ነፊ አያስፈልግም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ብስባሹን ሲያብላሉ ባዮጋዝ ያመነጫሉ። ከዚያ የወጣው ውሃ በማጣሪያ ንጣፎች ላይ እየተረጨ ሲወርድ ከአካባቢው አየር በራሱ ኦክስጅን ያገኛል፤ በንጣፎቹ ላይ የተጣበቁት ሌሎች ባክቴሪያዎችም የቀረውን ያጸዳሉ። በመሆኑም አየር በሞተር ከሚነፋበት ዘዴ ጋር ሲነጻጸር የኤሌክትሪክ ፍጆታው በእጅጉ ዝቅተኛ ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢቋረጥም አየር አልባው ገንዳ ሥራውን በድንገት አያቆምም።

የከተማዋ አቀማመጥም ሌላ ጸጋ ነው። ከእንጦጦ ከፍታ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ዋና የፍሳሽ መስመሮች የመሬቱን ተዳፋት ተከትለው ሲዘረጉ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ያልተገፋ ፍሳሽ የመብራት ሒሳብ የለውም።

በሌላ በኩል ከዋናው መስመር ርቀው በተገነቡ አንዳንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደሮች፣ ፍሳሹን በእጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ባሉት ሜምብሬን የሚያጣሩ ጣቢያዎች ተተክለዋል። እነዚህ ጣቢያዎች በጠባብ ቦታ ላይ ይሠራሉ፤ የሚያወጡትም ውሃ በጣም የጠራና ለሌላ አገልግሎት ለመዋል የተመቸ ነው። ሆኖም ሜምብሬኑ እንዳይደፈን ያለማቋረጥ አየር ስለሚነፋበት፣ በአንድ ሜትር ኩብ የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከተለመደው የአየር ነፊ ዘዴ ይበልጣል፤ ሜምብሬኑም በየተወሰነ ዓመት መቀየር አለበት። ይህ ሲባል የቴክኖሎጂ ምርጫው ስህተት ነበር ለማለት አይደለም። የተጣራው ውሃ ለአረንጓዴ ስፍራ፣ ለግንባታና ለመሰል አገልግሎት በእርግጥ የሚውል ከሆነ የወጣበትን ኃይል ያካክሳል። ያ የጠራ ውሃ ተመልሶ ወደ ተበከለ ወንዝ የሚለቀቅ ከሆነ ግን የተከፈለበት ኃይል አብሮ ይፈሳል።

ከፍሳሹ የሚገኘው ጋዝ ምን ያህል ነው?

ስለ ባዮጋዝ ሲነገር ሁለት ተቃራኒ አመለካከቶች ይሰማሉ። አንዱ ፍሳሽ ከተማን ሙሉ የሚያበራ ሀብት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የማይረባ ድካም አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነቱን ለማየት ቀላል ስሌት መሥራት ይጠቅማል።

በፍሳሽ ውስጥ ያለው ብስባሽ የሚለካው ሙሉ በሙሉ ለመበስበስ በሚፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። በተለመደ የከተማ ፍሳሽ ውስጥ ይህ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ግማሽ ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዝ ቢለወጥ 350 ሊትር ገደማ ሚቴን ይሰጣል። በተግባር ግን ከፊሉ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ሳይብላላ ያልፋል፣ ከተፈጠረው ጋዝም ጥቂት የማይባለው በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል። ስለዚህ ለጥንቃቄ ሲሶው ብቻ በጋዝ መልክ ይሰበሰባል ብለን እንውሰድ። አንድ ሜትር ኩብ ሚቴን ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ጄኔሬተር ደግሞ ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ይህ ሁሉ ሲሰላ ከአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ኤሌክትሪክ ይገኛል።

ይህ አኃዝ ለማሳያ የቀረበ እንጂ በአንድ ጣቢያ የተለካ ውጤት አይደለም። ቢሆንም ትርጉሙ ግልጽ ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ የሚቀበል ጣቢያ በቀን ወደ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ሊያመነጭ ይችላል ማለት ነው። ይህ ከተማን አያበራም። ኃይል ቆጣቢ በሆነ ጣቢያ ውስጥ ግን የጣቢያውን የራሱን ፍጆታ አብዛኛውን ክፍል ሊሸፍን ይችላል፤ ኃይል በሚያባክን ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ከፍጆታው ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል። የጋዙ መጠን በሁለቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የጣቢያው አያያዝ ነው። ብክነትን ሳይደፍኑ ጄኔሬተር መትከል በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዙን የመሰብሰብ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። ሚቴን ወደ አየር ከተለቀቀ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ የሙቀት አማቂነት ኃይል አለው። ስለዚህ ጋዙ ለኤሌክትሪክ ባይውል እንኳ ቢያንስ ተሰብስቦ መቃጠል ይኖርበታል። ከሁሉም የሚሻለው ግን እያቃጠሉ ከማስወገድ ይልቅ መጠቀም ነው። አነስተኛ ጣቢያ ከሆነ ጋዙ በአካባቢው ለሚገኝ ማብሰያ ወይም ዝቃጭ ለማድረቂያ ሊውል ይችላል።

በዚህ ረገድ አገራችን ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ8,000 በላይ የቤተሰብ ማብላያዎችን ገንብቷል። አብዛኞቹ በከብት እበት የሚሠሩ ሲሆኑ መጸዳጃ ቤት የተገናኘባቸውም አሉ። ከፕሮግራሙ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ማብላያውን መገንባት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አለመሆኑ ነው። ውሃና እበት በየጊዜው ያልቀረበላቸው፣ ብልሽት ሲደርስባቸው በአቅራቢያ ባለሙያ ያልተገኘላቸው ማብላያዎች ሥራ አቁመዋል። በከተማ ደረጃ የሚተከል ትልቅ ጣቢያም ከዚህ የተለየ ዕጣ የሚኖረው የጥገና ባለሙያ፣ የመለዋወጫ በጀትና ኃላፊነት የሚወስድ አካል ከመጀመሪያው ሲመደብለት ነው።

ማዳበሪያው ያለው የት ነው?

የሰው ልጅ ከሚመገበው ምግብ የሚያገኘው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ሰውነቱ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በአብዛኛው ይወጣል። እንደ አመጋገቡ አንድ ሰው በዓመት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ያስወግዳል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 46 ኪሎ ግራም ነው። አገራችን የምትጠቀምበትን የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ እንደምታስገባና በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት በ2017 ዓ.ም ስምምነት እንደተፈረመ ስናስታውስ፣ በፍሳሽ የሚወጣውን ንጥረ ነገር እንደ ተራ ቆሻሻ ማየት አይቻልም።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው ግን የማዳበሪያው ቦታ ነው። ማዳበሪያ የሚገኘው ከደረቀው ዝቃጭ ብቻ እንደሆነ ይታሰባል። በእርግጥ ዝቃጩ አፈርን የሚያለሰልስና እርጥበት የሚይዝ ብስባሽ እንዲሁም ፎስፈረስ ይዟል። ናይትሮጂኑ ግን በአብዛኛው የሚቀረው በተጣራው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ይህ አንድ ነገር እንደ መድረሻው መድኃኒትም መርዝም የሚሆንበት ጉዳይ ነው። ውሃው ወደ መስኖ ማሳ ቢሄድ ናይትሮጂኑ ሰብል ያበቅላል። ወደ ወንዝና ወደ ግድብ ቢሄድ ደግሞ እምቦጭ ያበቅላል። የአቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከላይ ከከተማዋ በሚወርደው ብክለት ሳቢያ በእምቦጭ ሲጠቃ መቆየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ከዚህ አንድ የፖሊሲ ነጥብ ይመነጫል። ናይትሮጂንን ከውሃ ውስጥ ማስወገድ ብዙ አየር፣ ስለዚህም ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ውሃው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ የሚለቀቅ ከሆነ ይህ ወጪ አስፈላጊ ነው። በቁጥጥር ለመስኖ የሚውል ከሆነ ግን ትኩረቱ ናይትሮጂኑን በማስወገድ ላይ ሳይሆን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን በመግደል ላይ መሆን አለበት። አለዚያ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ከፍሎ ናይትሮጂን ማስወገድ፣ በሌላ እጅ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ናይትሮጂን መግዛት ይሆናል። አንድ የማጣሪያ ጣቢያ ሲታቀድ የሚወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ከቴክኖሎጂው ምርጫ በፊት መወሰን የሚገባው ለዚህ ነው።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው የጤና አደጋ ነው። የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት ያለው በመሆኑ በዝቃጭ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2006 ባወጣው መመሪያ ጥሬ የሚበሉ አትክልቶች በሚለሙበት የመስኖ ውሃ ውስጥ በአንድ ሊትር ከአንድ የጥገኛ ትል እንቁላል በላይ መኖር እንደሌለበት ይመክራል። ዝቃጭን አስተማማኝ ለማድረግ ከቅጠላ ቅጠልና ከመሰል ቁስ ጋር ቀላቅሎ የውስጥ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለተከታታይ ቀናት እንዲቆይ ማድረግ፣ ወይም እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት አከማችቶ ማቆየት ያስፈልጋል። በፀሐይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት የደረቀ ዝቃጭ ለዓይን ንጹሕ አፈር ቢመስልም ለአትክልት የሚሆን ማዳበሪያ አይደለም።

ሁለተኛው የኬሚካል አደጋ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን በሙቀት ይሞታሉ፤ ከባድ ብረቶች ግን አይሞቱም፤ አይበሰብሱም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም ወይም ከሌላ ኢንዱስትሪ የሚወጣ እርሳስ ከቤት ፍሳሽ ጋር አንድ መስመር ውስጥ ከተቀላቀለ፣ የመላው ከተማ ዝቃጭ ለእርሻ የማይሆን ይሆናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን የሚያስከትል ሁሉ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። የአዋጁ መከበር ወንዞችን ከመጠበቅ አልፎ ዝቃጩ ሀብት ሆኖ እንዲቀጥል የማድረግ ጉዳይም ነው። ኢንዱስትሪ ፍሳሹን በግቢው ውስጥ ሳያክም ወደ ሕዝብ መስመር ሲለቅ፣ የሚያጠፋው ጎረቤቶቹ ሁሉ በጋራ ያላቸውን ሀብት ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በዮርዳኖስ የሚገኘው የአስ ሳምራ ጣቢያ የአማንና የዛርቃ ከተሞችን ፍሳሽ ይቀበላል። ወደ ጣቢያው የሚወርደውንና ከጣቢያው የሚወጣውን ውሃ ከፍታ ተጠቅሞ በተርባይን፣ ከዝቃጩም በባዮጋዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዚህም ከፍጆታው እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ይሸፍናል። የሚወጣው ውሃ ደግሞ ለመስኖ ይውላል። የመሬቱን ተዳፋት እንደ ኃይል ምንጭ መጠቀሙ እንደ እኛ ላሉ ተራራማ ከተሞች ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በኦስትሪያ የስትራስ ጣቢያ ከ2005 እ.ኤ.አ ወዲህ ከሚጠቀመው በላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። እዚያ የደረሰው በአንድ ትልቅ ግንባታ ሳይሆን ለዓመታት የየሞተሩን ፍጆታ እየለካ ብክነቱን አንድ በአንድ በመቀነስ ነው። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ደግሞ ከ1968 እ.ኤ.አ ጀምሮ የተጣራ ፍሳሽን እንደገና አጥርታ ከመጠጥ ውሃ ጋር ትጠቀማለች። እዚያ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ተለይቶ እንዲሄድ መደረጉ ለአሠራሩ ስኬት መሠረት ሆኗል።

እነዚህ ተሞክሮዎች እንዳሉ የሚገለበጡ አይደሉም። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ግን መሣሪያው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው፤ መለካት፣ መለየትና መጠገን።

“ኃይል ሞልቶ የለም ወይ?” ለሚለው ጥያቄ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ባለው ግድብ ማግሥት ስለ ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት መጨነቅ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በማመንጫው ያለ ኃይል በማጣሪያ ጣቢያው ደጃፍ ያለ ኃይል ማለት አይደለም። በመካከል ያለው የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመር ሲበላሽ ጣቢያው ይጨልማል፤ በግቢው ውስጥ ከጋዝ የሚመነጭ ኃይል ያለው ጣቢያ ግን ቢያንስ ዋና ዋና ሞተሮቹን ማስቀጠል ይችላል። ሁለተኛ፣ በከንቱ ያልባከነ ኤሌክትሪክ ገና መብራት ላልደረሳቸው የገጠር ወገኖቻችን፣ ለኢንዱስትሪና ለውጭ ሽያጭ ይውላል። ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ድርጅቶች ከመብራት ሒሳብ የሚያተርፉት ገንዘብ ለመስመር ዝርጋታና ለጥገና ሊውል ይችላል። መስመሩ መቼ ይደርሰናል የሚለው የነዋሪው ጥያቄ ከጣቢያው የኃይል አያያዝ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የውሃና የኢነርጂ ዘርፎች በአንድ ሚኒስቴር ሥር መደራጀታቸው ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ዓይን ለማየት ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። ጣቢያዎቹን በየዕለቱ የሚያስተዳድሩት ግን የየከተሞቹ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ድርጅቶች ናቸው። በእነዚህ ድርጅቶች ደረጃ ሥራው በቅደም ተከተል ሊከናወን ይገባል። በመጀመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ መለካትና መመዝገብ፤ ቀጥሎ ያረጁ ፓምፖችን መጠገን፣ የአየር ነፊዎችን ፍጥነት በገንዳው ውስጥ ካለው የኦክስጅን መጠን ጋር ማስተካከል፤ በመጨረሻም ጋዙን፣ ዝቃጩንና ውሃውን ወደ ጥቅም መለወጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሦስተኛው ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ሆኖም የምርቃት ሥነ ሥርዓት ስለሌላቸው በቀላሉ ይዘነጋሉ።

ከአገልግሎት ተጠቃሚው የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የባለሙያ ሥራ ቢመስልም ወደ ጣቢያው የሚደርሰውን ፍሳሽ ጥራት የሚወስነው በየቤቱ ያለው ተጠቃሚ ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

የጣራና የግቢ ዝናብ ውሃን ከፍሳሽ መስመር ጋር አያገናኙ። በክረምት ወቅት ማንሆሎች የሚሞሉትና ፍሳሽ በመንገድ ላይ የሚገነፍለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የዝናብ ውሃው ፍሳሹን ስለሚያቀጥነውና ስለሚያቀዘቅዘው በአየር አልባው ገንዳ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፣ የጋዙንም መጠን ይቀንሳል።

የምግብ ዘይት፣ ጨርቅ፣ የሕፃናት ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ፣ ፕላስቲክና ፀጉር ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ዕቃ ማጠቢያ አይጣሉ። ዘይት በቧንቧ ውስጥ ይረጋል፤ ጨርቅ ፓምፕ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያቃጥላል።

ጋራዦች፣ የመኪና እጥበት ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና መሰል ድርጅቶች የተቃጠለ ዘይትንና ኬሚካልን ለይተው ያስወግዱ። አንድ በርሜል የተቃጠለ ዘይት ለሳምንታት የተራቡትን ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል።

የፍሳሽ መስመር በአካባቢዎ ካለፈ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ቅርንጫፍ ቀርበው የማገናኘት ጥያቄ ያቅርቡ። ለትልቅ አቅም የተገነባ ጣቢያ በቂ ፍሳሽ ካልደረሰው በአንድ ሜትር ኩብ የሚያወጣው ወጪ ይንራል። መስመር ያልደረሰዎት ከሆነ ጉድጓድዎን ፈቃድ ባለው ፍሳሽ ማንሻ ተሽከርካሪ ብቻ ያስነሡ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። በሌሊት ወንዝ ውስጥ የሚደፋ መኪና ካዩ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ።

ከፍሳሽ ዝቃጭ የተዘጋጀ ኮምፖስት ሲቀርብልዎ ከየት ጣቢያ እንደመጣ፣ እንዴት እንደተዘጋጀና የላቦራቶሪ ውጤት እንዳለው የመጠየቅ መብት አለዎት። መልስ ካላገኙ ለአትክልት አይጠቀሙበት። በወንዝ ዳር የለሙ አትክልቶችን ደግሞ በሚገባ አጥበው አብስለው ይመገቡ።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ነዋሪዎች በኮሚቴዎቻቸው በኩል በመንደራቸው ያለው ጣቢያ መብራት ሲቋረጥ መጠባበቂያ እንዳለው፣ የተጣራው ውሃ ለምን እንደሚውል፣ ሽታ ሲፈጠር ማንን ማነጋገር እንዳለባቸው የመጠየቅና መልስ የማግኘት መብት አላቸው። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች አገልግሎት ሰጪውን አይጎዱትም፤ ይልቁንም ችግሩ ሳይባባስ እንዲያውቀው ይረዱታል።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በተገነባበት ዓመት ሳይሆን በአሥረኛው ዓመት ይመዘናል። በዚያን ጊዜ ሞተሩ የሚዞር፣ ጋዙ ጥቅም ላይ የሚውል፣ ዝቃጩ ያለ ሥጋት ማሳ ላይ የሚበተን ከሆነ፣ ከጣቢያው በታች ያለው ገበሬና በገበያ አትክልት የሚገዛው ነዋሪ የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ሆነዋል ማለት ነው። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው ውሳኔ ከፊሉ በመንግሥትና በአገልግሎት ድርጅቶች፣ ከፊሉ ደግሞ በእያንዳንዳችን ቤት የሚወሰን ነው።